የድንች ሾርባ አሠራር፦ ከመሠረቱ እስከ ቤተሰብ ጣዕም

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ «የድንች ሾርባውን በቤታችን ይሠራ እንደነበረው አድርጌ ሠራሁት፤ የጎደለ ነገር የለውም፤ ነገር ግን የእናቴን ሾርባ አልመስል አለኝ። ያላስገባሁት ቅመም ይኖር ይሆን?» አብዛኛውን ጊዜ ያልገባ ቅመም የለም። የድንች ሾርባ ከጥቂት ነገሮች የሚሠራ በመሆኑ ልዩነቱ የሚመጣው ከአያያዝ ነው፤ ይኸውም ሽንኩርቱ እሳት ላይ ከቆየበት ጊዜ፣ ድንቹ ከተጨፈለቀበት መንገድ፣ ወተቱም ከገባበት ሙቀት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መሠረታዊው ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም በዚያ መሠረት ላይ ተነሥተው በቤተሰብዎ ዘንድ ወደሚታወቀው ጣዕም እንዴት እንደሚደርሱ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ሁለተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው አያስቀድሙ፤ መሠረቱ ካልተስተካከለ ጣዕሙን የለወጠው የትኛው ነገር እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ6 ሰው)

- ድንች፣ 1 ኪሎ ግራም (ሲላጥ 850 ግራም ያህል ይሆናል)
- ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ግራም
- ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ፍሬ
- ቅመም ያልገባበት የገበታ ቅቤ፣ 40 ግራም፣ ወይም ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ውሃ ወይም ጨው የሌለው መረቅ፣ 1.2 ሊትር
- ቅባቱ ያልወጣለት ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር
- ደቃቅ ጨው፣ ለመነሻ 12 ግራም (2 የሻይ ማንኪያ ልክ)፣ ለማስተካከያ ሌላ 6 ግራም
- የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ከዕቃ ደግሞ ታቹ ወፍራም የሆነ ቢያንስ 4 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ወተት የሚሞቅበት ትንሽ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ በእጅ የሚሠራ የድንች መጨፍለቂያ፣ እንዲሁም ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ያዘጋጁ። መጨፍለቂያ ከሌለዎት ሹካና ጭልፋ ይበቃሉ። ሚዛኑን ግን ችላ አይበሉት፤ ለሁለተኛው ክፍል የግድ ያስፈልጋል።

ክፍል አንድ፦ መሠረታዊው ሾርባ

1. የድንቹን ዓይነት ይለዩ።

ድንች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ስታርቹ የበዛ ሆኖ ሲበስል የሚፈረፍር ዱቄታማ ድንች ነው፤ ሁለተኛው ስታርቹ ያነሰና ሲበስል ቅርጹን ጠብቆ የሚቆይ ጠጣር ድንች ነው። ለሾርባ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ሾርባውን ያለ ዱቄት የሚያወፍረው ከድንቹ የሚወጣው ስታርች ነው። የያዙት የትኛው እንደሆነ ካላወቁ 1 ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውሃ አሟሙተው አንድ ድንች ይጨምሩበት። ስታርች ከውሃ ስለሚከብድ ዱቄታማው ድንች ይሰጥማል፤ ጠጣሩ ይንሳፈፋል። ያገኙት ጠጣሩን ብቻ ቢሆንም ሾርባው ይሠራል፤ ውሃውን ወደ 1 ሊትር ዝቅ ያድርጉና በ7ኛው ደረጃ ላይ የሚጨፈልቁትን መጠን ይጨምሩ።

2. ይጠቡ፣ ይላጡ፣ አረንጓዴውን ያስወግዱ።

ድንቹን ሳይላጡ በፊት ይጠቡት፤ አለዚያ በልጣጩ ላይ ያለው አፈር በቢላዋው አማካይነት ወደ ውስጠኛው ክፍል ይተላለፋል። የበቀለውን ዓይን ከነሥሩ ጎድጎድ አድርገው ያውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ አረንጓዴ የሆነ ድንች ብርሃን ላይ የቆየ ድንች ነው። አረንጓዴው ቀለም በራሱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ያንኑ ቀለም ያመጣው ብርሃን ሶላኒን የተባለውን መርዛማ ንጥረ ነገርም ይጨምራል፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። አረንጓዴው ጥቂት ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ጨምረው በወፍራሙ ቆርጠው ይጣሉት፤ ሰፊውን ክፍል ከያዘ ወይም ድንቹ ሲቀመስ የሚመር ከሆነ ሙሉውን ይጣሉት።

3. በእኩል መጠን ይክተፉ።

እያንዳንዱ ቁራጭ በሁሉም አቅጣጫ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። መጠኑ ከተበላለጠ ትንንሾቹ ሟሙተው ሲያልቁ ትልልቆቹ መሐላቸው ጥሬ እንደሆነ ይቀራሉ፤ እነርሱን ለማብሰል ሲባል የሚጨመረው ጊዜ ደግሞ ሾርባውን ከታች ያሳርረዋል። የተከተፈው ድንች አየር ሲያገኝ ስለሚጠቁር ሽንኩርቱ እስኪደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ሸፍነው ያቆዩት። ይሁን እንጂ ለብዙ ሰዓት አይዘፍዝፉት፤ ውሃውንም እየቀያየሩ አያለቅልቁት፤ ከላዩ ታጥቦ የሚሄደው ለማወፈሪያ የሚፈልጉት ስታርች ነው።

4. ሽንኩርቱን በዝግታ ያብስሉ።

ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀው ይክተፉ። ድስቱን በመጠነኛ እሳት አሙቀው ቅቤውን ወይም ዘይቱን ያስገቡ፤ ከዚያም ሽንኩርቱን ከ12 ግራሙ ጨው በተቆነጠረ ጥቂት ጨው ያቁላሉት። ጨው ከሽንኩርቱ ውስጥ ውሃ ስለሚስብ ሽንኩርቱ በራሱ እንፋሎት ይለዝባል እንጂ ቶሎ አይጠበስም። እሳቱን ቀንሰው፣ ክዳኑን ከድነው፣ በየ2 ደቂቃው እያማሰሉ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ያቆዩት። ሽንኩርቱ ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆንና በማማሰያው ሲጫኑት ያለ መቋቋም ሲደቅ ደርሷል ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርቱን በመጨረሻው 1 ደቂቃ ላይ ይጨምሩ፤ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል።

ብዙ ሰው የሚያሳጥረው ደረጃ ይህ ነው። በ3 ደቂቃ ውስጥ የወረደ ሽንኩርት ከድንቹ ጋር ሲቀቀል ይለሰልሳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ጥሬ ሽንኩርት የሚሰጠው የሚቆጠቁጥ ሽታ ሾርባው ውስጥ ይቀራል፣ ጣፋጭነቱም አይወጣም። ወርቃማ ቀለም ያለውና ጣፋጭነቱ የጎላ ሾርባ ከፈለጉ ክዳኑን አንሥተው ሌላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀጠል ይችላሉ፤ ነገር ግን ውጤቱ የተለየ ሾርባ መሆኑን ልብ ይበሉ።

5. ድንቹንና ውሃውን ያስገቡ።

ድንቹን ከውሃው አውጥተው ወደ ድስቱ ይጨምሩ፤ ከሽንኩርቱ ጋር 2 ደቂቃ ያማስሉ። ከዚያም 1.2 ሊትሩን ውሃ ወይም መረቅ፣ እንዲሁም የቀረውን የመነሻ ጨው ይጨምሩ። ጨው በዚህ ደረጃ የሚገባው ድንቹ እየበሰለ ሳለ ወደ ውስጡ እንዲዘልቅ ነው፤ በመጨረሻ ብቻ የተጨመረ ጨው ፈሳሹን እንጂ ቁራጩን አያጣፍጥም። መረቁ ጨው ያለበት ከሆነ በዚህ ደረጃ ምንም አይጨምሩ።

ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር በዚህ ሰዓት አያስገቡ። አሲድ የአትክልቱን ሕዋሳት አንድ ላይ የያዘው ፔክቲን እንዳይሟሟ ስለሚያደርግ ድንቹ ምንም ያህል ቢቀቀል እንደጠነከረ ይቆያል።

6. ሳይገነፍል በዝግታ እንዲንተከተክ ያድርጉ።

አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ይቀንሱ፤ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያብስሉ። በኃይለኛ እሳት ቢገነፍል የቁራጮቹ ዳር ተቦጫጭቆ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የዘቀጠው ስታርች ነውና ድስቱ ሥር ተጣብቆ ያርራል። በየ5 ደቂቃው የድስቱን ሥር እየነኩ ያማስሉ።

በከፍታ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ጊዜውን ያርዝሙ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እሳቱን ቢጨምሩም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው ትነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ድንቹን ይመኑ፤ የቢላዋ ጫፍ ያለ ምንም ጥንካሬ ሲያልፍና ቁራጩ በማማሰያ ሲገፋ ሲሰነጠቅ በስሏል። በከፊል የበሰለ ድንች ጨፍልቀው ቢመልሱት ከዚያ በኋላ የማይሟሟ ጓል ይሆናል።

7. ጨፍልቁት እንጂ አይፍጩት።

ይህን ደረጃ ሰፋ አድርጌ የማብራራው ከሚቀርቡልኝ ቅሬታዎች መካከል ብዙው የሚነሣው ከዚህ ስለሆነ ነው። ድንች በሙቀት ሲበስል በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በእጅ ሲጨፈለቅ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ እንጂ አብዛኞቹ አይፈነዱም፤ ከፈነዱት ጥቂቶች የሚወጣው ስታርች ፈሳሹን ልክ በሆነ መጠን ያወፍረዋል። በብሌንደር ሲፈጭ ግን ስለቱ ሕዋሳቱን በብዛት ይቆራርጣቸዋል፤ ያበጠው ስታርች በሙሉ ወደ ፈሳሹ ይፈስሳል፤ ሾርባውም ማንኪያ ሲነሣ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ይሆናል። አንዴ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚመልሰው መንገድ የለም።

እሳቱን ያጥፉ። የድስቱን ይዘት አንድ ሦስተኛ ያህል እዚያው ድስቱ ውስጥ በመጨፍለቂያው ይጫኑ፤ አማስለው ውፍረቱን ይመልከቱ፤ ካልበቃ ጥቂት ይጨምሩ። ማንኪያውን አንሥተው ጀርባው ላይ በጣት መስመር ሲያሠምሩ መስመሩ ለአፍታ ሳይደፈን ከቆየ ውፍረቱ ለዚህ ደረጃ በቂ ነው። ወተቱ በኋላ ስለሚያቀጥነው፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስለሚወፍር፣ አሁን ለመጨረሻው ውፍረት አይጨነቁ። ፍጹም ልሙጥ ሾርባ የሚፈልጉ ከሆነ የበሰለውን ድንች በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየገፉ ያሳልፉት፤ አድካሚ ቢሆንም ሳይለጠጥ ይለሰልሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የግድ ብሌንደር የሚጠቀሙ ከሆነ ሽንኩርቱንና ፈሳሹን በብዛት፣ ድንቹን በጥቂቱ ወስደው ለአጭር ጊዜ ብቻ ያዙሩት። የፈላ ፈሳሽ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲዞር እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊትና እጅ ሊያቃጥል ይችላል። ጥቂት ያቀዝቅዙት፤ ከዕቃው አንድ ሦስተኛ በላይ አይሙሉ፤ የክዳኑን መሐል ቀዳዳ ከፍተው በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ይያዙት፤ በዝቅተኛው ፍጥነትም ይጀምሩ።

8. ወተቱን አሙቀው በመጨረሻ ያስገቡ።

ወተቱን በትንሹ ድስት ያሙቁት፤ ዳር ዳሩ ላይ እንፋሎት ሲታይ፣ ሳይፈላ፣ ያውርዱት። ከሾርባው አንድ ጭልፋ ወስደው ወደ ወተቱ እያማሰሉ ያፍስሱ፤ ከዚያም ድብልቁን ወደ ትልቁ ድስት ይመልሱ። ቀዝቃዛ ወተት በአንድ ጊዜ የሚፈላ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኑ ተሰባስቦ ሊጓጉል ይችላል፤ ቀስ በቀስ ሲሞቅና ከስታርች ጋር አስቀድሞ ሲዋሐድ ግን ስታርቹ ፕሮቲኑን ይከላከልለታል። ከዚህ በኋላ ሾርባው እንዲሞቅ እንጂ እንዲፈላ አያድርጉ። ሎሚ የሚወዱ ከሆነ በየሳህኑ፣ በሚበላበት ሰዓት ብቻ ይጭመቁ። ቅባቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነ ክሬም ግን ሙቀትንም አሲድንም ከወተት የበለጠ ይቋቋማል፤ በ250 ሚሊ ሊትሩ ወተት ፋንታ 150 ሚሊ ሊትር ክሬም መጠቀም ይቻላል።

ከሚመገቡት ሰዎች መካከል ወተት የማይስማማቸው እንዳሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ካሉ የእነርሱን ድርሻ ከዚህ ደረጃ በፊት ለይተው ያስቀምጡ፤ ይህ የሚሠራው ሽንኩርቱ በቅቤ ሳይሆን በዘይት የተቁላላ ከሆነ ነው።

9. ያሳርፉ፣ ቀምሰው ያስተካክሉ።

ቁንዶ በርበሬውን ጨምረው፣ ድስቱን ከድነው፣ ያለ እሳት 10 ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያ በኋላ ቀምሰው የቀረውን ጨው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ከእሳት እንደ ወረደ የተቀመሰ ሾርባ ምላስን ስለሚፋጅ ጨውን በትክክል ለመለየት አያስችልም፤ በዚህ ምክንያት የተጨመረ ጨው ገበታ ላይ ሲደርስ ይበዛል።

ክፍል ሁለት፦ የቤተሰቡን ጣዕም ማግኘት

ሾርባውን የሚሠሩት እናትዎ፣ አያትዎ ወይም አክስትዎ በሕይወት ካሉና አብረዋቸው ማብሰል ከቻሉ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። አሠራሩን በቃል መጠየቅ ግን በቂ አይሆንም። ለዓመታት በእጃቸው የሠሩ ሰዎች «ጨው ትንሽ፣ ውሃ እስኪበቃው» ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት ነገሩን ለመደበቅ ሳይሆን ልኩ በእጃቸውና በዓይናቸው ውስጥ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ይንገሩኝ» ሳይሆን «ያሳዩኝ» ይበሉ፤ ቀጥሎም እንዲህ ያድርጉ።

1. ከመጀመራቸው በፊት የጨው ዕቃውን፣ የዘይት ጠርሙሱን፣ የቅቤውን ሳህንና የመሳሰለውን ሁሉ መዝነው ክብደቱን ይጻፉ። ሲጨርሱ እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ የተጠቀሙበት መጠን ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅም የሚያበስሉትን ሰው እጅ አለማስቆሙ ነው፤ በየመሐሉ «ቆይ፣ ልለካው» የተባለ ሰው ልማዱን ትቶ መጠንቀቅ ይጀምራል፤ የሚመዘገበውም ትክክለኛው አሠራር አይሆንም።

2. በእፍኝ የሚለኩ ከሆነ የእርሳቸውን እፍኝ ሦስት ጊዜ በሚዛን ላይ አስቀምጠው አማካዩን ይውሰዱ። የእርስዎ እፍኝ የእርሳቸውን አይተካም።

3. ውሃው ከገባ በኋላ ንጹሕ የእንጨት ማማሰያ ድስቱ ውስጥ አቁመው እስከ የት እንደረጠበ ምልክት ያድርጉ። ድስቱ ባዶ ሲሆን እስከዚያው ምልክት በሊትር መለኪያ ውሃ ይሙሉት፤ ከዚያ ላይ የድንቹንና የሽንኩርቱን ድርሻ ሲቀንሱ የውሃው መጠን ይገኛል። ጥሬ ድንችና ሽንኩርት ክብደታቸው ከውሃ ብዙም ስለማይርቅ 1,000 ግራም አትክልት ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል ብሎ ማስላት ለዚህ ሥራ ይበቃል።

4. የሚሉትን ቃል በራሳቸው አነጋገር ይጻፉ፤ አጠገቡም ሰዓቱን ያስፍሩ። ለምሳሌ «ሽንኩርቱ ሲዝል» ካሉ ቃሉንም፣ ከጀመሩ ስንተኛ ደቂቃ እንደሆነም ይመዝግቡ። ደቂቃው ብቻውን በሌላ ምድጃ ላይ አይሠራም፤ ቃሉም ብቻውን ላላየው ሰው አይገባም። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን በስልክ መቅዳትም ይቻላል፤ ሲንጨረጨርና ሲንተከተክ የሚሰማው ድምፅ ራሱ የእሳቱን መጠን ያስታውስዎታል።

5. ሳይናገሩ የሚያደርጉትን ይከታተሉ። የተከተፈውን ድንች ያለቅልቃሉ ወይስ እንዳለ ያስገባሉ? ድስቱን ይከድናሉ? የሚጨፈልቁት በምንድን ነው፣ ሲጨፈልቁስ ምን ያህል ቁራጭ ይተዋሉ? ከወረደ በኋላ ስንት ጊዜ ያቆዩታል? አንድ ጥሬ ቁራጭ ለይተው በማስመሪያ ይለኩ። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ውስጥ ነው፤ እርሳቸው ግን ቁም ነገር ናቸው ብለው ስለማያስቡ ሳይጠየቁ አያነሷቸውም።

6. በማስታወሻዎ መሠረት እርስዎ ሠርተው ያስቀምሷቸው። «ይመስላል?» ብለው ቢጠይቁ በፍቅር «አዎ» ይሉዎታል። ይልቁንም «ጨው ይጨመር? ውፍረቱስ? ሽንኩርቱ በስሏል?» ብለው አንድ በአንድ ይጠይቁ።

ሠሪዋ ወይም ሠሪው በሕይወት ከሌሉ መነሻዎ የቤተሰቡ ትዝታ ነው። ሾርባውን የበሉትን ሰዎች ለየብቻ ይጠይቁ፤ አንድ ላይ ከተጠየቁ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሌሎቹን ትዝታ ወደ ራሱ ይስበዋል። «ጣዕሙ እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ደስ የሚል» ከሚል መልስ በላይ አያስገኝም። በዓይንና በእጅ የሚታወቀውን ይጠይቁ፦ ነጭ ነበር ወይስ ወደ ቢጫ ያደላ? ከላዩ የቅባት ነጠብጣብ ይታይ ነበር? ድንቹ ቁራጩ ይገኝ ነበር ወይስ ሟሙቶ ነበር? ማንኪያ ሲያልፍበት ዱካው ይቆይ ነበር?

መልሶቹ ወደ አሠራር ይተረጎማሉ። የቅባት ነጠብጣብ ከታየ ቅቤው ወይም ከፊሉ በመጨረሻ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቡናማ ቀለምና ጣፋጭነት ረጅም ጊዜ የተቁላላ ሽንኩርትን ያመለክታል። ፈሳሹ ደፍርሶ ቁራጭ ያለበት ከሆነ የተጨፈለቀው በማማሰያ ሊሆን ይችላል። በጣም ወፍራም ሆኖ የማንኪያ ዱካ የሚይዝ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ዱቄት ገብቶበታል፣ ወይ ደግሞ የሚታወሰው በማግሥቱ የተበላው ሾርባ ነው። ሁለተኛውን ብዙዎች አያስቡትም፤ የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ እየጠነከረ ስለሚሄድ የአደረ ሾርባ ከትኩሱ ይወፍራል፣ የሽንኩርቱም ሽታ ይለዝባል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሞቅላቸው የትናንቱ ከነበረ ትኩሱን ያለ ወሰን ቢያስተካክሉት ወደ ትዝታቸው አይደርሱም።

ግምትዎን ለመፈተን በየጊዜው ሙሉ ድስት መሥራት አያስፈልግም። ከመሠረታዊው ሾርባ በአራት ስኒ እኩል እኩል ይቅዱ፤ አንዱን እንዳለ ይተዉት፤ በሌሎቹ ላይ አንድ አንድ ለውጥ ብቻ ያድርጉ፤ በአንዱ ጥቂት ቅቤ፣ በአንዱ የበለጠ ቁንዶ በርበሬ፣ በሌላው ክሬም። ሁለት ለውጥ በአንድ ስኒ ውስጥ ከገባ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሾርባውን የሚያስታውስ ሰው የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነገረው ይቅመስ።

የተለመዱ ስሕተቶችና መፍትሔያቸው

ጨው ሲበዛ ጥሬ ድንች ጨምሮ ማውጣት ጨውን ይስባል የሚባለው አይሠራም። ድንቹ የሚጠጣው ጨዋማውን ፈሳሽ እንዳለ ነው፤ የቀረው ፈሳሽ ጨዋማነት አይለወጥም። የሚሠራው ጨው የሌለው ውሃ፣ ለብቻው የተቀቀለ ድንች ወይም ወተት ጨምሮ መጠኑን ማብዛት ነው።

ሾርባው ከተለጠጠ በሙቅ መረቅ ያቅጥኑትና ለብቻው ተቀቅሎ በእጅ የተጨፈለቀ ድንች ይቀላቅሉበት፤ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ወተቱ ከጓጎለ ጤናን አይጎዳም፤ በወንፊት ቢያጠሉት መልኩ ይሻሻላል። ከቀጠነ፣ ወተት ከመግባቱ በፊት ከሆነ፣ ተጨማሪ ድንች ይጨፍልቁ ወይም ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ያትንኑት፤ ጥሬ ዱቄት በቀጥታ መነስነስ ግን ጓል ያመጣል።

ድስቱ ሥር ካረረ አይፋቁት፤ ደግሞም አያማስሉት። ከላይ ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ድስት በዝግታ ይገልብጡና ይቅመሱ፤ የማረር ሽታው ወደ ፈሳሹ ካልገባ ሾርባው ይተርፋል፤ ከገባ ምንም ቅመም አይሸፍነውም።

አቀማመጥና እንደገና ማሞቅ

የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚራባ ትልቅ ድስት እንዳለ ምድጃ ላይ ማሳደር አደገኛ ነው፤ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍለው ያቀዝቅዙት፤ በ3 ቀን ውስጥም ይጠቀሙበት። ሲያሞቁ በዝቅተኛ እሳት፣ ጥቂት ውሃ ጨምረው፣ እያማሰሉ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ያሙቁት። ይህ ሙቀት ከመፍላት በታች ስለሆነ ወተቱን አያጓጉለውም። የሚያሞቁትም በአንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል ብቻ ይሁን።

በበረዶ ማቆየት ከፈለጉ 7ኛውን ደረጃ እንደጨረሱ፣ ወተት ሳይገባ፣ የሚያስቀምጡትን ይለዩ። ወተት የገባበት ሾርባ ከበረዶ ሲወጣ ውሃው ይለያል፤ ትልልቅ የድንች ቁራጮችም ውሃቸውን አጥተው እንደ ስፖንጅ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለበረዶ የሚገባውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ጨፍልቀው ያስቀምጡ። ዕቃው ላይ ቀኑንና የወተቱን መጠን ይጻፉበት፤ ወተቱን በሚያሞቁበት ዕለት በ8ኛው ደረጃ እንደተገለጸው ይጨምሩ።